ከወሎ ወደ ባሕር ማዶ የሙዚቃ ፌስቲቫል፦ ከጥሪው እስከ መልስ ጉዞ

በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በወልድያ፣ በከሚሴም ሆነ በላሊበላ ጥሩ ማሲንቆ መቺ፣ ጥሩ ክራር ደርዳሪ፣ ትከሻው የሚናገር ተወዛዋዥ አጥተን አናውቅም። የምናጣው ወረቀቱን በጊዜ የሚጀምር ሰው ነው። ጥሪው ደርሷቸው፣ ልምምዱን ጨርሰው፣ ልብሱን አሰፍተው፣ ቪዛው ሳይወጣ የፌስቲቫሉ ቀን ያለፈባቸው ቡድኖች አሉ። ችሎታ ስላነሳቸው አይደለም፤ ሁለት ወር ዘግይተው ስለጀመሩ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን በቅደም ተከተል ያዙት። ለብቻው የሚሄድ ድምፃዊም ሆነ ስምንት ሰው ይዞ የሚወጣ የኪነት ቡድን መንገዱ አንድ ነው። አብሽሩ፣ ብዙ ይመስላል እንጂ ተራ በተራ ከተያዘ ያልቃል።

1. ከፌስቲቫሉ ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩ

የአውሮፓ የበጋ ፌስቲቫሎች የሚውሉት እኛ ክረምት ላይ ስንሆን ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 የተጀመረው የዴንማርኩ ሮስኪልዴና በጁላይ የመጀመሪያው ቅዳሜና እሁድ የሚደረገው የጀርመኑ ሩዶልሽታት በእኛ ሰኔ መጨረሻ ላይ ይውላሉ። የኖርዌዩ ፎርዴና የፖርቱጋሉ ሲነሽም በዚያው ሰሞን፣ በጁላይ ውስጥ ናቸው። ለሠርግ ሠራተኛ ይህ መልካም ነው፤ በክረምት ሠርግ ስለሌለ ከገበያችሁ የምታጡት ትንሽ ነው። ችግሩ የወረቀቱ ሥራ ላይ ነው። ኤምባሲ የምትመላለሱበት ጊዜ ልክ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ይወድቃል፤ ያኔ ደግሞ ሠርጉ ፋታ አይሰጥም። ከሠርግ ቀጠሮ በፊት የኤምባሲ ቀጠሮ ይያዝ።

ለነሐሴ የሚጠራችሁ ካለ ሌላም ነገር አስቡ። የላስታ አሸንድዬና የቆቦ ሶለል ከነሐሴ 16 ጀምሮ ናቸው፤ ልጃገረዶች ያሉበት ቡድን ያን ቀን ከአገሩ መቅረት አለመቅረቱን ቀድሞ ቁጭ ብሎ ይመካከር።

አብዛኞቹ አዘጋጆች አርቲስት የሚመርጡት ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። እስከ ጥር መጨረሻ ስምምነቱ በጽሑፍ ይገኝ፣ በየካቲት የሁሉም ፓስፖርት ይጠናቀቅ፣ በመጋቢት መጨረሻ የቪዛ ማመልከቻው ይግባ። ለሸንገን ቪዛ፣ ማለትም ለአብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ፣ ከጉዞው 6 ወር ቀድሞ ማመልከት ስለሚቻል፣ ቀደማችሁ ብሎ የሚመልሳችሁ የለም።

2. የምትታዩበትን ነገር አዘጋጁ

አዘጋጅ የሚመርጠው አይቶ ነው። ሦስት ዘፈን፣ በአንድ ካሜራ፣ ሳይቆራረጥ፣ ድምፁ ጥርት ብሎ የተቀዳ ቪዲዮ ከተቀነባበረ ክሊፕ ይሻላል። ክሊፕ የሚያሳየው የአቀናባሪውን ችሎታ ነው፤ የፌስቲቫሉ ሰው ማወቅ የሚፈልገው ግን መድረክ ላይ ስትወጡ ምን እንደምትሆኑ ነው። ጦሳ ተራራ ግርጌ መስክ ላይ ቁጭ ብላችሁ የቀዳችሁት፣ ነፋስ ያልገባበት ከሆነ፣ በቂ ነው። በአንድ ገጽ ማን እንደሆናችሁ፣ ስንት ሰው እንደሆናችሁ፣ ምን መሣሪያ እንደምትይዙ ጻፉ፤ በሁለት ፎቶግራፍም አስደግፉት።

በየዓመቱ በጥቅምት ገደማ በአውሮፓ ከተሞች እየተዘዋወረ የሚካሄደው ዎሜክስ የፌስቲቫል መራጮች የሚሰበሰቡበት ገበያ ነው። ቅርብ ያሉትንም አትናቁ። የዛንዚባሩ ሳውቲ ዛ ቡሳራ በየካቲት፣ የራባቱ ቪዛ ፎር ሚውዚክ በኅዳር ይካሄዳሉ። የአውሮፓ መራጮች ወደ ሁለቱም ይመጣሉ፤ ፓስፖርታችሁም ላይ ሄዳችሁ መመለሳችሁን የሚመሰክር ማኅተም ያርፋል። ለቀጣዩ ቪዛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

3. ጥሪውን መርምሩ

እውነተኛ ፌስቲቫል አርቲስቱን "መድረክ ላይ ለመውጣት ይህን ያህል ላክ" አይልም። "የምዝገባ"፣ "የቪዛ ማፋጠኛ" ወይም "የዋስትና" ተብሎ ወደ ግለሰብ አካውንት ገንዘብ አስገቡ የሚል ደብዳቤ ከመጣ ጉዳዩ እዚያው ያብቃ። ከዚያ ውጪ ያለውን ጥሪ በሁለት መንገድ አረጋግጡ፤ በፌስቲቫሉ የራሱ ድረ ገጽ ላይ ባለው አድራሻ መልሳችሁ ጻፉ፣ ባለፉት ዓመታት የተጫወቱ አርቲስቶችንም ጠይቁ።

ጥሪው እውነተኛ ከሆነ ውል ይጻፍ። ክፍያው ስንት ነው? ከግብር በፊት ነው ወይስ በኋላ? የአውሮፕላን ትኬቱን፣ ከአዲስ አበባ ብቻ ሳይሆን ከደሴ እስከ አዲስ አበባ ያለውንም፣ ማን ይከፍላል? መኝታ ስንት ክፍል ነው? የቀን አበል አለ? የቪዛና የኢንሹራንስ ወጪው የማን ነው? ቪዛው ቢከለከልስ የተከፈለው ወጪ በማን ላይ ያርፋል? ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ ሰው ይሉኝታ ይዞት ያልፈዋል። አትለፉት። ዝግጅቱ ተቀድቶ በቴሌቪዥን ወይም በኢንተርኔት የሚለቀቅ ከሆነም ለስንት ጊዜ፣ በየት፣ በምን ክፍያ እንደሆነ ለብቻው ይጻፍ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። የቡድኑ ስም ዝርዝር መዘጋጀቱ እንደተሰማ ደላላ ይመጣል። "አንድ ሰው ብቻ፣ ተወዛዋዥ ብላችሁ ጨምሩልኝ" ይላል፣ የሚያስደነግጥ ብርም ይጠራል። ያ ሰው እዚያ ሲደርስ ከጠፋ የሚጠየቀው ጥሪውን የላከው ፌስቲቫልና ዝርዝሩን የፈረመው የቡድን መሪ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ከእናንተ ከተማ የሚያመለክት ማንኛውም አዝማሪም በጥርጣሬ ይታያል። ዝርዝሩ ላይ መድረክ የማይወጣ ሰው አይግባ። ለዘመድም፣ ለጓደኛም፣ ለሹምም።

4. ፓስፖርትና ስም

ፓስፖርቱ ከአውሮፓ ከምትወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚያገለግል፣ ከወጣ 10 ዓመት ያልሞላው፣ ሁለት ባዶ ገጽ ያለው መሆን አለበት። የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ማመልከቻውን በኢንተርኔት ይቀበላል፤ ፋይዳና የልደት ምስክር ወረቀት ቀድመው ይውጡ።

ከሁሉ በላይ ጊዜ የሚበላው የስም አጻጻፍ ነው። ሰይድ፣ ሙሐመድ፣ ዘይነባ፣ ገብረ መስቀል የሚሉ ስሞች በላቲን ፊደል በሦስት በአራት ዓይነት መንገድ ይጻፋሉ። በልደት ምስክር ወረቀቱ አንድ ዓይነት፣ በባንክ ደብተሩ ሌላ፣ በጥሪው ደብዳቤ ሦስተኛ ዓይነት ሆኖ ሲገኝ ቆንስላው ሦስት ሰው ነው የሚያየው። ስለዚህ ፓስፖርቱ ላይ ያለው አጻጻፍ ዋናው ይሁን፤ የፓስፖርቱን ገጽ ፎቶ አንስታችሁ ለአዘጋጁ ላኩ፣ ትኬቱም ጥሪውም ኢንሹራንሱም ፊደል በፊደል ከእርሱ ይገልበጥ። የመድረክ ስማችሁ ለፖስተሩ ብቻ ይሁን። የልደት ቀንም እንዲሁ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር የተጻፈውን ወደ ፈረንጁ ስትቀይሩ ዓመቱን ብቻ ሳይሆን ቀኑንና ወሩንም ቀይሩ።

5. ቪዛ

መጀመሪያ የምትሄዱበት አገር በየትኛው ሥርዓት ውስጥ እንዳለ እወቁ።

የሸንገን ስምምነት 29 አገሮችን ይይዛል፤ በአጭር ጊዜ ቪዛው በየትኛውም 180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን መቆየት ይቻላል። ማመልከቻው የሚገባው ብዙ ቀን በምትቆዩበት አገር ኤምባሲ ነው፤ ቀኑ እኩል ከሆነ መጀመሪያ በምትገቡበት። ክፍያው ከሰኔ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው። ለኢትዮጵያውያን ልዩ የሆነ ነገር አለ። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ የእኛ ማመልከቻ የሚታይበት መደበኛ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል፤ ብዙ ጊዜ መግባት የሚያስችል ቪዛም እንዳይሰጠን ተወስኗል። ስታመለክቱ ውሳኔው ጸንቶ መኖሩን ከኤምባሲው ጠይቁ፤ ሐሳባችሁን ግን በ45 ቀን ላይ አድርጉ። የአንድ ጊዜ መግቢያ ማለት ከጀርመን ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ ተጫውቶ ወደ ፈረንሣይ መመለስ አይቻልም ማለት ነው። የጉዞው መስመር ይህን አውቆ ይሠራ፤ እንግሊዝ ካለች መጨረሻ ላይ ትሁን።

እንግሊዝ የራሷ ቪዛ አላት። መንግሥት በዝርዝር ያስቀመጣቸው አንዳንድ ፌስቲቫሎች ላይ በጎብኚ ቪዛ ተጫውቶ ክፍያ መቀበል ይቻላል፤ ፌስቲቫሉ በዝርዝሩ ውስጥ መሆኑን አዘጋጁ በደብዳቤው ላይ ይጻፍላችሁ። አሜሪካ ሌላ ነው። ለባህላዊ ሙዚቃ ቡድን የተለመደው ፒ-3 የሚባለው ቪዛ ሲሆን፣ መጀመሪያ እዚያ ያለው ጋባዥ ለአሜሪካ ኢሚግሬሽን ያመለክታል፤ እናንተ ኤምባሲ የምትቀርቡት ያ ሲፈቀድ ነው። በጎብኚ ቪዛ ሄዶ መድረክ ላይ መሥራትን ማንም አይምከራችሁ።

በሸንገን አገሮችም ቢሆን ለተከፋይ አርቲስት የሥራ ፈቃድ ማስፈለግ አለማስፈለጉ ከአገር አገር ይለያያል። ይህን የሚያጣራው ጋባዡ ነው። በጽሑፍ አስመልሱት፣ መልሱንም ከማመልከቻው ጋር አያይዙት።

የጥሪ ደብዳቤው ከፋይሉ ሁሉ የበለጠ ክብደት አለው። የእያንዳንዱ ሰው ሙሉ ስም፣ የልደት ቀን፣ የፓስፖርት ቁጥርና መድረክ ላይ ያለው ድርሻ፣ ማሲንቆ ወይም ከበሮ ወይም ውዝዋዜ፣ አንድ በአንድ ይዘርዘር። የመድረኩ ቀንና ሰዓት፣ የመኝታው አድራሻ፣ ማን ምን እንደሚከፍል ይጻፍ። ከሥር ደግሞ ኤምባሲው ቢደውል ስልክ የሚያነሳ፣ ጉዳዩን የሚያውቅ ሰው ስምና ቁጥር ይኑር። "ለሚመለከተው ሁሉ" ብሎ የሚጀምር ባለ አራት መስመር ደብዳቤ ከመጣላችሁ መልሳችሁ እንደገና ይጻፍልን በሉ። አያፍሩበትም፣ እናንተም አትፈሩ።

ከዚያ የእናንተ ወረቀት ይከተላል፦ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የጤና ኢንሹራንስ፣ የቅርብ ወራት የባንክ መግለጫ፣ የጋብቻና የልጆች ልደት ምስክር ወረቀት፣ የቤት ካርታ ወይም የንግድ ፈቃድ ካለ እርሱ፣ ከባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ወይም ከቡድናችሁ የተጻፈ የሥራ ደብዳቤ። በአማርኛ ያሉት ተተርጉመው ይረጋገጡ። የአዝማሪ ገቢ ባንክ ውስጥ አይታይም፤ ሽልማቱ በእጅ፣ ወጪውም በእጅ ነው። ከማመልከቻው በፊት በነበሩት ወራት የሠርጉን ገቢ በየጊዜው በአካውንታችሁ አስገቡት። በመጨረሻው ሳምንት ከዘመድ ተበድሮ የገባ ትልቅ ብር ለቆንስላው ጥርጣሬ ይጨምርበታል እንጂ አያሳምነውም። የሐሰት ወረቀትማ ነገሩን ለዓመታት ያበላሻል።

ለቃለ መጠይቅ ስትቀርቡ እውነቱን በአጭሩ ተናገሩ። ማን ጋበዘህ? የት ትጫወታለህ? ምን ትጫወታለህ? መቼ ትመለሳለህ? የቡድኑ ሰው ሁሉ የፌስቲቫሉን ስምና ከተማ አጥርቶ ይወቅ፤ ትልቁ ከበሮ መቺ አባት እንኳ። የጣት አሻራ ለሸንገን አንዴ ከተሰጠ ለ59 ወር ይቀመጣል። ቢከለከሉ ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጣል፣ ይግባኝም ይፈቀዳል፤ የጎደለውን ሞልቶ እንደገና ማመልከትም ይቻላል።

ትኬት ሲቆረጥ የመሸጋገሪያውን ከተማ ተመልከቱ። ኢትዮጵያውያን በሸንገን አውሮፕላን ማረፊያ ለመሸጋገር ብቻ እንኳ የትራንዚት ቪዛ ከሚጠየቁት ውስጥ ናቸው። ወደ እንግሊዝ የምትሄዱ በፍራንክፈርት በኩል ርካሽ ትኬት ተገኘ ብላችሁ እንዳትጠመዱ።

6. የምትጫወቱትን ምረጡ

ይህ ክፍል ልቤ ያለበት ነው። የፌስቲቫል መድረክ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ነው፤ ቀጣዩ ቡድን ከኋላ ቆሞ ስለሚጠብቅ ከዚያ አንድ ደቂቃ አይጨመርም። ሠርግ ቤት አንዱን ዘፈን ሃያ ደቂቃ ለሚያስኬድ ሰው ይህ ከባድ ነው። ለ50 ደቂቃ ስድስት ወይም ሰባት ዘፈን ይዛችሁ በሰዓት እየለካችሁ ተለማመዱ።

አምባሰልና ባቲ ስማቸውን ከእኛው አገር የወሰዱ ቅኝቶች ናቸው፤ ከትዝታና ከአንቺ ሆዬ ጋር ዋናዎቹ አራቱ ይባላሉ። አራቱንም በአንድ መድረክ ማሰማት ያምራል፤ ክራር ደርዳሪው ግን ከትዝታ ወደ ባቲ ሲሻገር ክሮቹን እንደገና መቃኘት አለበት። በሺህ ሰው ፊት፣ ከጎን መድረክ የባስ ድምፅ እየገባ፣ በጆሮ መቃኘት ምን እንደሚመስል የሞከረ ያውቀዋል። መፍትሔው ሁለት ነው። ወይ ሁለት ክራር በሁለት ቅኝት ተቃኝተው ይቁሙ፣ ወይ ዘፈኖቹ በቅኝት ተቧድነው ይደርደሩና መቀየሪያው ላይ ማሲንቆው ብቻውን፣ ወይም ዋሽንቱ ብቻውን ይጫወት። ማሲንቆ አንድ ክር ስለሆነ ቅኝቱን ጣት ይመርጠዋል፤ ለዚህ ዓይነት ድልድይ እንደ እርሱ የሚሆን የለም። ዋሽንት ነፊው ለየቅኝቱ የሚሆኑትን ዋሽንቶች በቅደም ተከተል መታጠቂያው ላይ ይደርድር። ክራሩ ላይ የሚሰካ ትንሽ ዲጂታል ቃኚ ግዙ፤ ጫጫታ ውስጥ ከጆሮ ይልቅ የእንጨቱን ንዝረት ያነባል።

ለፈረንጅ እንዲመች ብላችሁ ማሲንቆውን በኪቦርድ አትተኩት። የጠሯችሁ ኪቦርድ አጥተው አይደለም። ግጥም መቀባበሉንም አታስቀሩ፤ ቃሉን ባይረዱት እንኳ አንዱ ሲሰጥ ሌላው ሲቀበል ያያሉ። ከመጀመሩ በፊት አንድ ሰው የአንዲቱን ስንኝ ትርጉም በሁለት ዓረፍተ ነገር ቢነግራቸው ደግሞ ጆሮ ሰጥተው ይከተላሉ።

መንዙማን በዝርዝሩ ውስጥ ለማስገባት የምታስቡ ካላችሁ አስቀድማችሁ ከአባቶች ጋር ተመካከሩ፤ ከአዘጋጁም ቢራ የማይሸጥበት፣ ሰው ተቀምጦ የሚያዳምጥበት አዳራሽ ጠይቁ። ብዙ ፌስቲቫሎች እንደዚያ ያለ ቤት አላቸው። ከሌለ መንዙማው ይቅር፤ መድረክ አገኘን ተብሎ ቦታው ያልሆነ ቦታ አይባልም።

7. ለድምፅ ባለሙያው ጻፉለት

እዚያ ያለው የድምፅ ሰው ጎበዝ ነው፤ ማሲንቆ ግን አይቶ ላያውቅ ይችላል። ከወር በፊት አንድ ገጽ ላኩለት፦ የመድረኩ አቀማመጥ በሥዕል፣ ማን የት እንደሚቆም፣ ተቀምጦ ወይስ ቆሞ እንደሚጫወት፣ የእያንዳንዱ መሣሪያ ፎቶግራፍ፣ የድምፅ ናሙናም ጭምር።

ለማሲንቆ መሣሪያው ላይ የሚሰካ ትንሽ ኮንደንሰር ማይክሮፎን። ለክራር ፒክአፕ (መሣሪያው ላይ የሚገጠም ድምፅ ተቀባይ) ካለው ዲአይ ቦክስ (ድምፁን በገመድ ወደ ማደባለቂያው የሚያስገባ ሳጥን)፣ ከሌለው ማይክሮፎን። ለከበሮ በሁለቱም አፍ በኩል አንድ አንድ። ለድምፃዊ ሹር ኤስኤም 58 የሚባለው ማይክሮፎን የትም አይጠፋም። ለተወዛዋዦች ስፋት፣ ገመድ የማይተበተብበት የመድረክ ፊት። የማሲንቆውና የክራሩ ቆዳ የሞኒተሩን (ወደ ተጫዋቹ የሚዞረውን ድምፅ ማጉያ) ድምፅ መልሶ ስለሚያስተጋባ ጩኸት ይፈጥራል፤ ሞኒተሩ ከመሣሪያው ፊት ለፊት እንዳይቀመጥ ጻፉ። ዕጣንና ከሰል መድረክ ላይ የምታወጡ ከሆነ የእሳት ደንብ ስላለ ቀድማችሁ አስፈቅዱ።

ሰዓቱን በሁለት መንገድ ጻፉት። የእነርሱ 14፡00 የእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። በስልክ "በስምንት" ተባብሎ አንዱ በጠዋት፣ ሌላው ከሰዓት የመጣበት የድምፅ ሙከራ ከዚህ በኋላ አይኑር።

የምግቡም ነገር በዚሁ ወረቀት ይገባል። የሰኔ ጾም እስከ ሐምሌ 5 ይዘልቃል፣ ፍልሰታ ደግሞ ከነሐሴ 1 ይጀምራል። የወሎ ቡድን ደግሞ ክርስቲያንና ሙስሊሙ ተቀላቅሎ ነው የሚሄደው። "ሁለት ሰው ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የሌለበት፤ አራት ሰው ሐላል" ብሎ መጻፍ ነው፤ ያዘጋጁላችኋል። ለሰላትም ጸጥ ያለች ክፍል ጠይቁ። በሰሜን አውሮፓ በዚያ ወቅት ፀሐይ ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ ስለምትጠልቅ የመግሪብን ሰዓት በስልክ ተመልከቱ እንጂ በልማድ አትገምቱ።

8. መሣሪያውን አሽጉ

ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ናት፣ አየሯም ቀዝቃዛ። ከዚያ ወደ ባሕር ዳርቻ ከተማ ስትወርዱ እርጥበቱ የማሲንቆውንና የከበሮውን ቆዳ ያላላዋል፤ ሞቃት መብራትና ደረቅ አየር ደግሞ ያጠብቀዋል። ስታሽጉ የማሲንቆውን ክር አላሉ፣ ድልድዩን ንቀሉና በጨርቅ ጠቅልላችሁ ለብቻው ያዙ፤ የክራሩንም ክሮች ለቀቅ አድርጉ። እንደደረሳችሁ ሳጥኑን ሳትከፍቱ ለጥቂት ሰዓት ክፍል ውስጥ ይቆይ። ከዚያ ቀስ በቀስ ቃኙ። መለዋወጫ የጭራ ክር፣ የክራር ክርና ለደጋኑ የሚቀባውን ዕጣን ያዙ፤ ዕጣኑ ቢያልቅ የቫዮሊን ሙጫ ይተካዋል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በኢኮኖሚ ክፍል በእጅ የሚያዝ 7 ኪሎ ነው የሚፈቅደው። ማሲንቆውን በእጅ ለመያዝ ትኬቱ ሲቆረጥ ጠይቁና መልሱን ይዛችሁ ሂዱ። ክራርና ከበሮ በጠንካራ ሳጥን፣ ዙሪያው በጋቢ ተጠቅጥቆ፣ ከሻንጣ ጋር ይግባ። የውዝዋዜው ዱላም እንዲሁ፤ በእጅ አይፈቀድም። ስለት ያለው ነገር ቤት ይቅር።

መሣሪያው አርጅቶ የአያት የቅድመ አያት የሚመስል ከሆነ ቦሌ ላይ ቅርስ ነው ተብሎ እንዳይያዝባችሁ፣ ቀድማችሁ ከኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን መውጣት እንደሚችል የሚገልጽ ወረቀት አውጡ። ማይክሮፎንና ካሜራ ያላችሁ ደግሞ ዝርዝሩን ስትወጡ ለጉምሩክ አስመዝግቡ፤ ስትመለሱ አዲስ ገዝታችሁ ነው ተብላችሁ ቀረጥ አትጠየቁም። አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ለምትሄዱ፣ ቆዳ፣ ጭራና እንጨት ሁሉ በመግቢያው ላይ ይነገራል።

9. ሻንጣ ውስጥ የማይገባው

ጫት። የደስታም፣ የዱዓም፣ የምርቃናም ጓደኛ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ኔዘርላንድስ በ2013፣ እንግሊዝ በ2014 እ.ኤ.አ. ከልክለውታል፤ በጀርመን፣ በፈረንሣይና በስካንዲኔቪያ አገሮችም ሕገ ወጥ ነው። አንድ እስር ጫት እንኳ የአንድን ሰው ሳይሆን የቡድኑን ጉዞ ያቋርጣል። የቡድን መሪው ከመነሳቱ በፊት የሁሉንም ሻንጣ በዓይኑ ይይ። "ይህን ለወንድሜ አድርስልኝ" ተብሎ የሚሰጥ የታሸገ ዕቃ ከጎረቤትም ከአክስትም አትቀበሉ።

ቋንታ፣ ቅቤና አይብ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ ለፀጉር የሚሆነው ቅቤም ያው ቅቤ ነው። ሽሮና በርበሬ ይያዝ።

10. ከደሴ እስከ ቦሌ

ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከኮምቦልቻና ከላሊበላ ደግሞ አውሮፕላን አለ። መንገድ ሊዘጋ፣ በረራ ሊሰረዝ፣ ኔትወርክ ሊጠፋ እንደሚችል ያለፉት ዓመታት አሳይተውናል። ከዓለም አቀፉ በረራ ሦስት አራት ቀን ቀድማችሁ አዲስ አበባ ግቡ። የጥሪውን ደብዳቤ፣ የቪዛውን ገጽ፣ ትኬቱን፣ ኢንሹራንሱንና የመኝታውን አድራሻ በወረቀት አትማችሁ ለእያንዳንዱ ሰው በየራሱ ፌስታል ስጡ። ቡድን መሪው ጋር ብቻ አይቀመጥ። በድንበር መቆጣጠሪያው ሰው የሚጠየቀው ለየብቻው ነው፣ ስልክም ባትሪ ይጨርሳል።

11. እዚያ ስትደርሱ

የመጀመሪያውን ቀን ተኙ። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ መድረክ ወጥታችሁ ፀሐይ ፊት ለፊት ብታገኙ አትደናገጡ፤ የመድረክ መብራት እንደሌለ ቁጠሩና ቀሚሱንና ጥለቱን በደማቁ ምረጡ። በብዙ ፌስቲቫሎች ሙሉ የድምፅ ሙከራ የለም። ያለፈው ቡድን ሲወርድ በሃያ ሠላሳ ደቂቃ ውስጥ ገመዱ ተሰክቶ፣ አንድ በአንድ ተሰምቶ ይጀመራል። ስለዚህ ከመድረክ ጀርባ ተቃኝታችሁ ጨርሱ፤ ሲጠሯችሁ በአቀማመጡ ቅደም ተከተል ውጡ። ከድምፅ ባለሙያው ጋር የሚነጋገር አንድ ሰው ብቻ ይሁን።

የተጫወታችኋቸውን ዘፈኖች ዝርዝር የሚሞላ ቅጽ ይሰጣችኋል። በጥድፊያ አትሙሉት። እንደ ጀርመኑ ጌማ፣ የፈረንሣዩ ሳሴም፣ የእንግሊዙ ፒአርኤስና የዴንማርኩ ኮዳ ያሉ ማኅበራት የደራሲ ክፍያ የሚያከፋፍሉት በዚያ ወረቀት ነው። የሕዝብ የሆነውን "ባህላዊ" በሉ፣ ያቀናበራችሁት እናንተ ከሆናችሁ ስማችሁን ጨምሩ። ግጥምና ዜማው የሰው ከሆነ የባለቤቱን ስም ጻፉ። በእኛም አገር በአዋጅ ቁጥር 410/1996 እና በማሻሻያው 872/2007 የተጠበቀ መብት ነው፤ ወሎ ውስጥ ዜማው በየሠርግ ቤቱ ሲዞር ባለቤቱ ሳይጠቀምበት የቀረ ብዙ ሽማግሌ አለ።

12. ገንዘቡ

አርቲስት አብዛኛውን ጊዜ ግብር የሚከፍለው በተጫወተበት አገር ነው። ጀርመን 15 በመቶና በላዩ የአጋርነት ግብር የሚባል ተጨማሪ፣ ስዊድን 15 በመቶ፣ እንግሊዝ እንደ ክፍያው መጠን እስከ 20 በመቶ ከምንጩ ይቆርጣሉ። በጀርመን ለአንድ ዝግጅት ለአንድ ሰው እስከ 250 ዩሮ ከሆነ አይቆረጥም፤ ስለዚህ ውሉ ለቡድኑ በጅምላ ሳይሆን በየሰው ተከፋፍሎ ቢጻፍ ይጠቅማል። የተቆረጠበትን ማስረጃ ሳትቀበሉ አትመለሱ።

ክፍያው በባንክ ቢላክ ይሻላል፤ የባንካችሁን ስዊፍት ኮድ (የባንኩን ዓለም አቀፍ መለያ) እና የአካውንቱን ስም ከፓስፖርቱ ጋር አስተያይታችሁ በውሉ ላይ አስገቡ። በጥሬው ከተቀበላችሁ ደረሰኙን ያዙ፣ አገር ስትገቡም ለጉምሩክ አሳውቁ። ክፍፍሉ ከመነሳታችሁ በፊት በቃለ ጉባኤ ተፈርሞ ይለቅ። ቡድን የሚፈርሰው አብዛኛውን ጊዜ በጉዞው አይደለም፤ ከጉዞው ማግስት ነው።

እንደተመለሳችሁ በአንድ ሳምንት ውስጥ ለአዘጋጁ ደብዳቤ ጻፉ፣ የተቀዳውን ቪዲዮ ጠይቁ፣ የመግቢያና የመውጫ ማኅተሙን ገጽ ፎቶ አንስታችሁ ከጥሪው ደብዳቤና ከግብር ማስረጃው ጋር በአንድ ፋይል አስቀምጡ። ኤምባሲው መመለሳችሁን በአካል ቀርባችሁ እንድታሳውቁ ከጠየቀ በቀኑ ሂዱ። የሚቀጥለው ዓመት መራጮች ሥራቸውን የሚጀምሩት ጥቅምት ላይ ስለሆነ አዲሱ ቪዲዮ መስከረም ሳያልቅ ይላክ።